ከዋጋው በፊት ኮዱ፦ ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራሞችና የአማርኛ ሰነድ በልደታ

በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ በኮምፒዩተር ያስጻፈ ባለጉዳይ ሰነዱን በፍላሽ ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። አንዲት ቃል ለማረም ሲከፍተው ግን በፊደሉ ፋንታ ትርጉም የለሽ የላቲን ሆሄያትና ምልክቶች ይገጥሙት ይሆናል። ስለ ርካሽ ሶፍትዌር የሚደረገው ውይይት በፈቃድ ዋጋ ላይ ሲያተኩር፣ ለአማርኛ ጸሐፊ ወሳኙ ጥያቄ ሰነዱ በምን ኮድ ተጻፈ የሚለው ነው።

ዋጋው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ስመ ጥር የቢሮ ፕሮግራሞች ዋጋቸው በዶላር የተተመነ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሆኖም «ክራክ» የሚባለው ያለፈቃድ ቅጂ በነጻ ወይም በጥቂት ብር ስለሚገኝ፣ የነጻ ሶፍትዌር ትክክለኛ ተፎካካሪ እርሱ ነው። የክራኩ ዕዳ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥራል፤ ቅጂው ጸረ ቫይረስን አጥፉልኝ ሲል ደግሞ ተጠቃሚው ቤቱን ሳይቆልፍ እንዲያድር እየተጠየቀ ነው።

የኮዱ ችግር ከዚህ ይጠልቃል። የቀድሞ ባለ 8 ቢት ፎንት 256 ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ የኢትዮጵያ ፊደል ከነአኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ምልክት ይፈልጋል። የየዘመኑ ፕሮግራም አዘጋጆች ይህን እንደየብልሃታቸው ፈቱት፤ አንዳንዶቹ ሆሄያቱን በብዙ ፎንት ከፋፈሉ፣ ሌሎቹ የአናባቢውን ቅጥያ ከግዕዙ ጋር እየገጣጠሙ ጻፉ። ኮምፒዩተሩ በማኅደሩ ያስቀመጠው ግን የላቲን ቦታዎችን ነበር፤ «ሀ» ሆኖ የሚታየው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለፊደሉ የራሱን ቦታ ሰጠው፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ነጻ አማራጮች ለአማርኛ እውነተኛ አማራጭ የሆኑት ከዚህ በኋላ ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ የአንድ ኩባንያ ፎንት ጥገኛ አይደለምና።

ዛሬ ያለው አቅርቦት የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕን ኦፊስ የተለየው ሊብሬ ኦፊስ ያለክፍያ ይገኛል፣ የአማርኛ ገጽታም አለው። «አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል» የተባለው ፎንት በነጻ ፈቃድ ይሰራጫል፤ ኪይማን በዊንዶውስ፣ የኤም 17 ኤን ኪቦርዶችም በሊኑክስ በድምፅ አምሳያ መጻፍ ያስችላሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በመቋረጡ፣ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ለማያሟላ አሮጌ ኮምፒዩተር ሊኑክስ ተጨማሪ ዕድሜ ይሰጣል።

ሽግግሩ ግን ቅደም ተከተል ይሻል። በአሮጌ ኮድ የተጻፈው ሁሉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያለበት የቀድሞው ፕሮግራምና ፎንቱ ገና በእጅ ሳሉ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከጸዳ በኋላ የትኛው ፎንት እንደነበረ ማወቅ እንኳ ያስቸግራል። የተቀየረውም በዓይን መነበብ አለበት፤ ቁጥር፣ የእንግሊዝኛ ቃልና ሥርዓተ ነጥብ በቀላሉ የሚበላሹ ናቸው፤ በአቤቱታ ላይ ደግሞ አንድ የተሳሳተ ቀን ወይም የመዝገብ ቁጥር ብዙ ያስከፍላል። በኒያላ የተሰናዳ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የመስመር ስፋቱ ስለሚለወጥ፣ የገጹ ብዛትም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የሚታረመው ቅጂ በዩኒኮድ፣ ለሕትመት የሚላከው ደግሞ ፎንቱ በውስጡ ባለ ፒዲኤፍ ቢሆን ይመረጣል። የፊደል አራሚ ጉድለት ግን ገና አልተፈታም፤ አንድ ግሥ በቅድመና በድኅረ ቅጥያ እጅግ ብዙ መልክ በሚይዝበት ቋንቋ፣ በቃላት ዝርዝር ብቻ የሚሠራ አራሚ ትክክለኛውን ቃል በቀይ ማስመሩ አይቀርም።