ርቀት ዋጋ ሲያጣ፦ የስታር ትሬክ አፍቃሪዎች ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ስታር ትሬክ» የተሰኘው ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በሁለተኛ ዓመቱ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ አፍቃሪዎቹ ለጣቢያው የደብዳቤ ጎርፍ ላኩ፤ ፊልሙም ለሦስተኛ ዓመት ቀጠለ። በ1976 ናሳ ለሙከራ የሠራትን መንኮራኩር በፊልሙ መርከብ ስም «ኤንተርፕራይዝ» ብሎ የሰየማት በእነዚሁ ሰዎች ደብዳቤ ግፊት ነበር። እንዲህ ያለ ተመልካች ፊልሙ ወዴት ማምራት እንዳለበት ጽኑ አቋም ቢይዝ አያስደንቅም። ከቅሬታዎቹ መካከል እዚህ የምንመለከተው ፊዚክስን የሚነካውን፣ ማለትም የርቀትን ጉዳይ ነው።

በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት መጠነ ቁስ ያለው አካል የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስበት አይችልም። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ደራሲዎቹ ለሕጉ ቢገዙ ኖሮ የመጀመሪያው ተከታታይ በሦስት ዓመቱ ሲያበቃ መርከቧ ገና መንገድ ላይ በሆነች! ስለዚህ «ዋርፕ» የተባለውን ሞተር ፈጠሩ። በ1994 ሜክሲኳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቢዬሬ፣ ሕዋ ከመርከቧ ፊት እንዲኮማተር ከኋላዋም እንዲለጠጥ ቢደረግ መርከቧ በአካባቢዋ ብርሃንን ሳትቀድም ከብርሃን በፊት ልትደርስ እንደምትችል የአይንስታይንን እኩልታዎች መሠረት አድርጎ አሳየ። ዕዳው ግን ከባድ ነው፤ ማንም ሊያዘጋጀው የማይችለውን አሉታዊ ኢነርጂ በብዛት ይጠይቃል።

አፍቃሪዎቹ ዋርፕን በደስታ ተቀብለዋል። የሚጠይቁት ፊልሙ ራሱ ላወጣው ሕግ እንዲታመን ነው። በመጀመሪያው ተከታታይ ስሌት ዋርፕ 9 ማለት 9×9×9፣ የብርሃን ፍጥነት 729 እጥፍ ነበር። በ1987 የጀመረው ተከታታይ ልኬቱን ለውጦ ዋርፕ 10ን ወሰን የለሽ ፍጥነት ሲያደርገው፣ ዋርፕ 9 ወደ 1516 እጥፍ ከፍ አለ። በ1995 ደግሞ «ቮያጀር» የተባለችው መርከብ 70,000 የብርሃን ዓመት ርቃ ተጣለች፤ ወደ ቤት መመለሻው 75 ዓመት ይፈጃል ተባለ። እስቲ እናካፍለው፦ 933 እጥፍ ይሆናል። በአዲሱ ልኬት በዋርፕ 9 ብቻ ብትጓዝ እንኳ 46 ዓመት ይበቃታል! ሞተሩ ያለ ዕረፍት አይሠራም ብለው ክፍተቱን ለመድፈን የሞከሩት አፍቃሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ1996 አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ዋርፕ 10ን አልፋ ተጓዦቿ ወደ እንሽላሊት መሰል ፍጥረት የተለወጡበትን ክፍል ግን ማንም ሊታደገው አልቻለም፤ እስከ ዛሬ መሳለቂያ ነው።

ከዚህ የባሰው ኋላ መጣ። ሰውን በትኖ ሌላ ቦታ የሚገጣጥመው መሣሪያ ቀድሞ የሚሠራው በ40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነበር፤ በ2013ቱ ፊልም ግን አንድ ሰው ከምድር ተነሥቶ በሌላ ኮከብ ዙሪያ ባለችው የክሊንጎኖች ፕላኔት ላይ ዱብ አለ። ታዲያ መርከብ ምን ያደርጋል? በ2017 የጀመረው «ዲስከቨሪ» በእንጉዳይ ስፖር መረብ ከጋላክሲው ጫፍ እስከ ጫፍ በቅጽበት የምትዘል መርከብ አመጣ። የአሁኖቹ ፈጣሪዎች ፍጥነት በጨመሩ ቁጥር ተመልካቹ የሚረካ ይመስላቸዋል። እኛ ግን አፍቃሪዎቹ ትክክል ናቸው እንላለን፤ በቅጽበት የሚደረስበት ሩቅ ቦታ ሩቅ አይደለም፣ ካፒቴኑም የሚመርጠው መንገድ አይኖረውም።

በ2020 ደራሲዎቹ ታሪኩን ወደ 32ኛው ክፍለ ዘመን ወስደው ለዋርፕ ሞተር የሚያስፈልገው ዳይሊቲየም የተባለ ማዕድን በአብዛኛው ከጥቅም ውጭ እንዲሆን አደረጉ። ጎረቤት የነበሩ ዓለማት ተራራቁ፣ ነዳጅ ብርቅ ሆነ፣ መልእክተኛ የወራት መንገድ መጓዝ ግድ ሆነበት። ይህ ብልህ እርምጃ ነበር። የሚያሳዝነው፣ የስፖሩን ሞተር ለዋናዋ መርከብ መተዋቸው ነው፤ ተከታታዩ በ2024 እስኪያበቃም ድረስ አላስወለቋትም።