ትልቁን ፋይል ሳይሸከሙ መጠየቅ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ከኤክስኤምኤል ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ የኮርስ ሥራ «በአማርኛ ውክፔዲያ ስንት መጣጥፍ አለ?» የሚለውን ራሴ ቆጥሬ ልጻፍ ብዬ ባልነሳ ኖሮ እንደናንተው ነበርኩ። ውክፔዲያ ገጾቹን በኤክስኤምኤል ፋይል አድርጎ ማንም እንዲያወርደው ያስቀምጣል። አውርጄ በኮምፒውተር ላብ ስከፍተው ማሽኑ ደርቆ ቀረ።

ለካ የተጠቀምኩበት ፕሮግራም ዶም በሚባለው ዘዴ የሚሠራ ኖሯል። ዶም አንድም ጥያቄ ከመመለሱ በፊት ፋይሉን በሙሉ አንብቦ እንደ ዛፍ ከነቅርንጫፉ ሜሞሪ ውስጥ ይተክለዋል። ዛፉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፋይሉ ከራሱ ይበልጣል።

ሁለተኛው ዘዴ ሳክስ ይባላል፤ ኤክስኤምኤል ራሱ ደረጃ ሆኖ በወጣበት በ1998 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ፋይሉን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ እያነበበ «ፔጅ ተከፈተ፣ ታይትል ተከፈተ፣ ጽሑፍ መጣ፣ ታይትል ተዘጋ» እያለ ይነግራችኋል። ምንም አያስቀምጥም። እንደ ሬዲዮ የቀጥታ ስርጭት ነው፣ ያመለጣችሁ አለፈ።

እያንዳንዱ ገጽ አይዲ አለውና እኔ «አይዲ ተከፈተ» ባለ ቁጥር አንድ ደመርኩ። የመጣው ቁጥር ደስ የሚል ነበር፤ ርዕሱን ሁሉ ጽፌ ጨርሼ ነበር! ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር የዶርም ጓደኛዬ ግን አንድ ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። ፔጁ አይዲ አለው፣ በውስጡ ያለው ሪቪዥን ሌላ አይዲ አለው፣ በሪቪዥኑ ውስጥ ያለው ኮንትሪቢዩተርም የራሱ አይዲ አለው። ሳይመዘገቡ በአይፒ አድራሻ የጻፉ ሰዎች አይዲ ስለሌላቸው ነው እንጂ ቁጥሬ ልክ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር። «የጠየቅሽው ስሙን ነው እንጂ መንገዱን አይደለም» አለችኝ።

መንገድ የሚጠየቅበት ቋንቋ ኤክስፓዝ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ በ1999 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። መጠየቅ የነበረብኝ /ሚዲያዊኪ/ፔጅ/አይዲ ብዬ ነበር። የጠየቅሁት ግን //አይዲ ነው፣ ማለትም የትም ይሁን የት። ዛፍ ሳይተከል መንገዱን ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። ታግ ሲከፈት ስሙን እንደ ሳህን ከላይ ትደርባላችሁ፣ ሲዘጋ ታነሳላችሁ። በማንኛውም ሰዓት ቁልሉን ከታች ወደ ላይ ስታነቡት ያላችሁበት አድራሻ ነው፤ ከጥያቄው ጋር ልክ ሲሆን ትቆጥራላችሁ። እንዲህ ባለው ፋይል ቁልሉ ከአምስት ሳህን አያልፍም፣ ፋይሉ የፈለገውን ያህል ይርዘም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ገጽ ሁሉ መጣጥፍ አይደለም፤ የውይይት ገጽ አለ፣ የአባላት ገጽ አለ። መጣጥፍ የሚሆነው ኤንኤስ የሚለው ታግ ውስጥ 0 ሲኖር ነው። ርዕሶቹን ለማውጣት ጥያቄው /ሚዲያዊኪ/ፔጅ[ኤንኤስ=0]/ታይትል ይሆናል። ችግሩ ታይትል ቀድሞ ይመጣል፣ ኤንኤስ ይከተላል። ርዕሱን ስታዩ ልትጽፉት አትችሉም፣ ልትጥሉትም አትችሉም። ስለዚህ በእጃችሁ ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ፤ 0 ከመጣ ይወጣል፣ ካልመጣ ይጣላል። አውርቶ አውርቶ በመጨረሻ «ስሜን እንዳትጽፉ» የሚል ምንጭ የገጠመው ሪፖርተር ይሄ አይጠፋውም።

የባሰው ደግሞ «የሌለ» ነገር ሲጠየቅ ነው። ወደ ሌላ ገጽ የሚመሩ ባዶ ገጾች ሪዳይሬክት የሚል ታግ አላቸው፣ እነሱንም መቀነስ ነበረብኝ። በጥያቄው ብቻ ከሄድን፣ አንድ ታግ አለመኖሩ የሚረጋገጠው ፔጁ ሲዘጋ ስለሆነ ርዕሱን እስከዚያ መያዝ ግድ ነው። ቢሆንም የምትይዙት የአንድ ገጽ ርዕስ ብቻ ነው፤ ፔጁ ሲዘጋ እጃችሁ ባዶ ይሆናል። «ከዚህ በፊት ካለፉት ገጾች» የሚል ጥያቄ ከሆነ ግን ያለፈውን ማከማቸት ሊያስፈልግ ነው፣ ያኔ ወደ ዶም ሸክም እየተመለስን ነው።

በዚያው ሌሊት ፕሮግራሙን አስተካክዬ በዚያው ላብ፣ በዚያው በደረቀው ማሽን ላይ አስኬድኩት። እስከ መጨረሻው ሄደ። የቀድሞውን ርዕስ ሰርዤ አዲሱን ቁጥር ጽፌ አስገባሁ።