ማንበብ ብቻ ወይስ ማስተዋልም?

(ስለ 7ኛና ስለ 8ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብና የቃላት ልምምድ)



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ጃንደረባው የንግሥት ሕንደኬ ሹምና የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ ነበረ። በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ድምፁን ሰምቶታል። ስለዚህ ሰውየው ማንበብ አላቃተውም። ፊልጶስ የጠየቀው ግን ስለ ማንበቡ ሳይሆን ስለ ማስተዋሉ ነው። የጃንደረባውም ትልቅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ሹም ነኝና ዐውቃለሁ ሳይል፥ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናገረ።

ይህን ማንሣታችን ለስብከት አይደለም። ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ትምህርት ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን እናስጠናለን። በዚህ ሥራ ላይ ደጋግመን ያየነው ነገር አለ። ልጁ መጽሐፉን ገልጦ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ሳይደናቀፍ አንድ ገጽ ያነባል። «እስቲ ያነበብከውን ንገረን» ስንለው ግን ዝም ይላል፤ ወይም ወደ መጽሐፉ ተመልሶ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ያነብልናል። እንግዲህ ይህ ልጅ አንባቢ ነው ወይስ አይደለም?

1. ማንበብና ማስተዋል ሁለት ሙያ ናቸው

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። ልጁ ፊደል ከቈጠረ በኋላ ንባብ ቤት ገብቶ ተነሹን ከወዳቂው፥ ሰያፉን ከተጣዩ እየለየ ያነባል፤ ዳዊትም ይደግማል። ይሁን እንጂ መቶ ኀምሳውን መዝሙር በግዕዝ የሚወርድ ልጅ የመዝሙሩን ምሥጢር ዐወቀ አይባልም። ለዚያ ሌላ ቤት አለ። በቅኔ ቤት ግሱን ከነትርጕሙና ከነእርባታው ያጠናል። በትርጓሜ ቤት ደግሞ አንዱ ቃል «አንድም» እየተባለ በብዙ ወገን ሲፈታ ይሰማል፤ አንድምታ የሚለውም ስም የመጣ ከዚሁ ነው። ንባቡና ትርጓሜው የየራሳቸው መምህርና የየራሳቸው ዓመታት አሏቸው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ክፍሉ በተማሪ ሲጨናነቅና አንዱ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ሲደርስ፥ መምህሩ ማድረግ የሚችለው አንዱን አስነሥቶ ማስነበብ ነው። ልጁ አጥርቶ ካነበበ «ጎበዝ» ተብሎ ይቀመጣል። ያልገባው መሆኑ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ በፈተና ወረቀት ላይ ነው።

2. ለምን 7ኛና 8ኛ ክፍል?

በታችኛው ክፍል ልጁ የሚማረው ማንበብን ነው። ከፍ ሲል ግን ሌላውን ትምህርት ሁሉ የሚማረው በማንበብ ነው። በአሁኑ አደረጃጀት የመጀመሪያ ደረጃ ስድስት ዓመት፥ መካከለኛ ደረጃ ሁለት ዓመት፥ ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት ሆኗል። ስለዚህ 7ኛና 8ኛ ክፍል ለብቻቸው የቆሙ ድልድይ ናቸው፤ በመጨረሻቸውም የ8ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃል።

ከድልድዩ ማዶ ደግሞ የቋንቋ ለውጥ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አድርጓል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን በመላው አገሪቱ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ በአንዳንድ ክልሎችና ከተሞችም ሒሳብና ሳይንስ ከዚያ ቀድሞ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቈይቷል። በገዛ ቋንቋው ያነበበውን ማስተዋል ያልለመደ ልጅ በሌላ ቋንቋ እንዴት ያስተውል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ልጁ «ቮልዩም» የሚለውን ቃል ከሬዲዮና ከስልክ ያውቀዋል፤ ስለ ድምፅ ብቻ የሚነገር ይመስለዋል። በሒሳብ መጽሐፉ ግን የአንድ ሣጥን ይዘት ሆኖ ያገኘዋል። «ፓወር» በሰፈሩ መብራት ነው፤ በሒሳብ ቍጥሩ በራሱ ስንት ጊዜ እንደሚባዛ ያመለክታል፤ በፊዚክስ ደግሞ ሥራ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ ይለካበታል። ልጁ ማባዛት ሳያቅተው ቃሉ በሩን ይዘጋበታል። ከዚያም «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል።

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ጥናት፥ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ተገልጧል። በዚያን ጊዜ 2ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች የእኛው እኩዮች ናቸው። አብረውን ፊደል ቈጥረው፥ አብረውን በዚህ አዳራሽ ዘምረው፥ ከመንገድ የቀሩትን ሁላችንም በስም እናውቃቸዋለን። ሰነፎች አልነበሩም።

3. የአማርኛ ንባብ ራሱ ማስተዋልን ይጠይቃል

«አማርኛ እንደ ተጻፈ ይነበባል፤ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና አልደረሰም» የሚለውን ተመልከቱ። «ገና» ሲላላ እንግዳው እስካሁን አልመጣም ማለት ይሆናል፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል አልደረሰም ማለት ይሆናል። «ዋና» ሲላላ በውሃ ውስጥ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ ቀዳሚና አለቃ ማለት ነው። «ልጁ ይመታል» ሲባል ቃሉ ከላላ ልጁ መቺ ነው፤ ከጠበቀ ግን ተመቺው እርሱ ነው።

ይህን ወረቀቱ አይነግረንም። የሚነግረን ከፊትና ከኋላ ያለው ዐውድ ነው። ስለዚህ ዐይን ከአፍ ቀድሞ መሄድ አለበት። ለአስጠኚዎችም ጥሩ መለኪያ እዚህ ላይ አለ፤ ልጁ የሚጠብቀውን አላልቶ፥ የሚላላውን አጥብቆ ካነበበ፥ አፉ እንጂ ልቡ በንባቡ ላይ የለም።

ሁለተኛው መሰናክል ፈሊጣዊ አነጋገር ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ የቃልን ፍቺ እማሬያዊና ፍካሬያዊ ብለው ይከፍሉታል፤ ይኸውም ቀጥተኛውና ሌላ ነገር የሚያመለክተው ማለት ነው። «እጅ ነሣ» የሚለውን ቃል በቃል የሚፈታ ልጅ ሰውየው እጁን የከለከለ ይመስለዋል፤ በአክብሮት ሰላምታ ማቅረቡን አያውቅም። «እጅ ሰጠ» ሲባልም እጅ ለእጅ የተጨባበጡ ይመስለዋል፤ ጦርነቱ በዚያ ማብቃቱን አይረዳም። እንዲህ ያለ አንድ ቃል ያመለጠው ተማሪ የታሪኩን መጨረሻ ገልብጦ ይሄዳል።

4. ምንባብን እንዴት እንለማመድ?

ልምምዱ ሦስት ጊዜያት አሉት፤ ከንባብ በፊት፥ በንባብ ጊዜና ከንባብ በኋላ። ለምሳሌ ያህል ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀናትን አጭር ምንባብ እንመልከት።

«ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ከተቈረጠም በኋላ ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቈርጣል። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ ብዙ ገበሬ ከምንጭ አጠገብ ሊተክለው አይወድም።»

ከንባብ በፊት መጽሐፉን ዘግተን ልጆቹን እንጠይቃለን። በሰፈራችሁ ባሕር ዛፍ አለ? ለምን ይጠቅማል? እንዲህ ሲሆን ልጁ የሚያውቀውን ይዞ ወደ ምንባቡ ይገባል። በንባብ ጊዜ ሁሉም በጸጥታ፥ ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ ያነባሉ። በያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ ቆም ብለው «እስካሁን ምን ተባለ?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ጮክ ብሎ ማንበብ የሚመጣው ከተረዱት በኋላ ነው።

ከንባብ በኋላ ሦስት ዓይነት ጥያቄ እናቀርባለን።

ሀ/ በመስመሩ ላይ ያለ። ባሕር ዛፍ ከየት መጣ? ይህን ጣቱን ቃሉ ላይ አስቀምጦ የሚመልሰው ነው።

ለ/ በጽሑፉ ውስጥ የተሰወረ። ዛፉ ባይገባ ኖሮ ከተማይቱ ምን ይገጥማት ነበር? መልሱ በአንድ መስመር ላይ የለም፤ የደኑን መጨፍጨፍና የዛፉን ቶሎ ማደግ ማገናኘት ያስፈልጋል።

ሐ/ ከአንባቢው የሚጠበቅ። አባትህ ከምንጭ ዳር ጠባብ መሬት ቢኖራቸው ባሕር ዛፍ እንዲተክሉ ትመክራቸዋለህ? ለምን? እዚህ ላይ ሁለት ልጆች የተለያየ መልስ ቢሰጡ ደስ ሊለን ይገባል። ምክንያታቸውን ከምንባቡ ካመጡ ሁለቱም አንብበዋል።

በብዙ ቦታ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነው። ልጁም ቃል አዳኝ ሆኖ ያድጋል፤ ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል በምንባቡ ውስጥ ፈልጎ፥ ያለበትን መስመር ገልብጦ ይሰጣል። ማርክ ሊያገኝበት ይችላል፤ ዕውቀት ግን አያገኝበትም።

5. ቃላትን እንዴት እናጥና?

ሀ/ አስቀድሞ መገመት። ከላይ «ያቈጠቍጣል» የሚለውን የከተማ ልጅ ላያውቀው ይችላል። ወዲያው አንንገረው። «ከተቈረጠ በኋላ»፥ «ከጉቶው»፥ «ደጋግሞ ይቈርጣል» የሚሉትን እናሳየው። እንደገና ማብቀል መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። ለፍቶ ያገኘውን ቃል ደግሞ ቶሎ አይረሳውም።

ለ/ ከነቤተ ሰቡ ማጥናት። የአማርኛ ቃላት ዘመድ አላቸው። ጻፈ ካልን ጽሑፍ፥ ጸሓፊ፥ ጽሕፈትና መጽሐፍ ይከተላሉ። ደረሰ ካልን ደራሲ፥ ድርሰት፥ ድርሻና መድረሻ ይመጣሉ። አንዱን ሥር የያዘ ልጅ አራት አምስት ቃል ይዞ ይሄዳል። መዝገበ ቃላትም ሲገልጥ ይህ ይረዳዋል። በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ሥሩን ማወቅ ብቻ ሳይሆን፥ ቃላቱ በአበገደ ተራ መደርደራቸውንም ማወቅ አለበት። ልጆቹ በስልክ መፈለግ ቢቀላቸው አንከለክላቸውም፤ ነገር ግን ያገኙትን ፍቺ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መልሰው እንዲፈትኑት እናስለምዳቸው።

ሐ/ የቃላት ደብተር መያዝ። ገጹ በአራት ይከፈል፤ ቃሉ፥ የተገኘበት ዓረፍተ ነገር፥ ፍቺው፥ ልጁ ራሱ የሠራው ዓረፍተ ነገር። አራተኛው ባዶ ከሆነ ቃሉ ገና የእርሱ አልሆነም። በቀን አምስት ቃል ይበቃል፤ ሃያ ቃል ጽፎ ሁሉንም ከመርሳት ይሻላል።

መ/ መድገም። ዛሬ የተጻፈው ቃል ነገ፥ ከሳምንት በኋላ፥ ከወርም በኋላ መጠየቅ አለበት። ፍቺውን በእጅ ሸፍኖ ራስን መጠየቅ፥ ደብተሩን ዝም ብሎ ከማየት ይበልጣል። የአብነት ተማሪ ቀለሙን የሚያጸናው በክለሳ አይደለምን?

6. የእኛ ድርሻ

ይህን ሁሉ ለመምህራን ትተን ልንቀመጥ አንችልም። አስጠኚ ለመሆን የግድ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ 11ኛና 12ኛ ክፍል ያላችሁም ትችላላችሁ። በቤታችሁ ካለ አንድ ልጅ ጋር በቀን ሃያ ደቂቃ መቀመጥ ትልቅ ሥራ ነው። ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲተርክላችሁ ጠይቁት፤ ሲሳሳት አትሳቁበት። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ «አልገባኝም» አይልም፤ አልገባኝም ማለት ያቆመ ልጅም መማር አቁሟል።

በተለይ ስለ እኅቶቻችን እናሳስባለን። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወንዱ ደብተሩን ሲዘረጋ ሴቷ ወደ ጓዳ፥ ውሃ ወደ መቅዳትና ልጅ ወደ መያዝ ትሄዳለች። ማታ መብራት ሥር ስትቀመጥ እንቅልፍ ይቀድማታል። ሃያ ደቂቃዋን የምናገኝላት ሥራዋን ተካፍለን ነው። እንስራውን ወይም ጀሪካኑን የተሸከመ ወንድምም ያን ቀን አስጠኚ ነው።

በመጨረሻም ለሁላችን የሚሆን አንድ ቃል እንጨምር። በዐውደ ምሕረት ላይ ቆመን የምናነብ፥ በጉባኤ ፊት ጽሑፍ የምናቀርብ ወጣቶች ብዙዎች ነን። ድምፃችን ያማረ፥ ንባባችን የጠራ ሊሆን ይችላል። ከወንበሩ ስንወርድ አንድ ሕፃን «ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ልንመልስለት እንድንችል፥ ዛሬውኑ ከታናናሾቻችን ጋር አብረን መለማመድ እንጀምር።