የጉበት ሕዋስ አለመሞቱ የደኅንነት ማረጋገጫ ነውን? የቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ምሳሌ

ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ከእንጨት፣ ከከሰልና ከነዳጅ ያልተሟላ ቃጠሎ የሚመነጭ የአካባቢ በካይ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ በተረጋገጡት የምድብ 1 ንጥረ ነገሮች ውስጥ አካቶታል። ይሁንና ውህዱ በዲኤንኤ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው የሚመነጨው ሕዋሱ ራሱ ሊያስወግደው ከሚያደርገው ጥረት ነው።

ውህዱ ወደ ጉበት ሕዋስ ሲገባ ኤሪል ሃይድሮካርቦን ተቀባይ ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይጣመራል። ተቀባዩም ወደ ኑክሊየስ ዘልቆ ሳይቶክሮም ፒ450 1ኤ1 የተሰኘው ኢንዛይም በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። ኢንዛይሙ ውህዱን ለመወገድ ወደሚመች መልክ ሲለውጥ፣ ከፊሉ በተከታታይ ለውጦች ከዲኤንኤ ጓኒን ጋር የሚተሳሰር ዳዮል ኢፖክሳይድ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት የአሠራር ጥንቃቄዎች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ በቤተ ሙከራ የተለመዱት የሄፕ ጂ2 ሕዋሳት ከጉበት ዕጢ የተገኙ ሲሆኑ፣ የብዙዎቹ የፒ450 ኢንዛይሞቻቸው መጠን በጤናማ የጉበት ሕዋስ ካለው እጅግ ያነሰ ነው። ስለሆነም በእነዚህ ኢንዛይሞች አማካይነት መርዛማ የሚሆን በካይ ጉዳት የሌለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛ፣ የኤምቲቲ ምዘና የሚለካው የሕዋሱን ሜታቦሊዝም እንጂ የዲኤንኤ ጉዳትን አይደለም። ዲኤንኤው ተጎድቶ በሕይወት የቀረ ሕዋስ ደግሞ ሲከፋፈል ስሕተቱን ሊያወርስ ስለሚችል፣ ከካንሰር አንጻር ከሞተው ይልቅ አሳሳቢ ነው።

ስለዚህ የሕዋሳት በሕይወት መቆየት ከኢንዛይም እንቅስቃሴና ከዲኤንኤ ጉዳት ልኬቶች ጋር ተጣምሮ ካልቀረበ፣ በካዩ ጉዳት አያደርስም የሚለው መደምደሚያ በቂ መሠረት አይኖረውም።