ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን፦ ድራግ ኤንድ ድሮፕ ለምትሠሪው ልጄ

ልጄ፣ በግራ የሱቁ የዕቃ ዝርዝር፣ በቀኝ ደንበኛው የሚያየው ሜኑ፣ ሁለቱም በዛፍ መልክ የተደረደሩበት ገጽ ሥሪ መባልሽን ሰማሁ፤ ከግራው ዛፍ እየጎተቱ በቀኙ መጣል። «ሁለት ቀን ይበቃኛል» ብለሽ ቃል ሳትገቢ ይህን አንብቢ።

1. ዕቃው ሲጣል ከግራው ዛፍ ይጠፋል ወይስ ይቀራል? ከኮዱ በፊት ይህን ጠይቂ። ብራውዘሩ ራሱ ሦስት ምርጫ አለው፦ ኮፒ፣ ሙቭ፣ ሊንክ። ለፋይል ማስቀመጫ ሙቭ ልክ ነው። የይርጋጨፌ ቡና ግን በዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ሆኖ በሜኑው ላይ በ«ቡና»ም በ«ስጦታ»ም ሥር ሊታይ ይችላል፤ ላንቺ የሚያስፈልግሽ ሊንክ ነው። እንግዲያው የሜኑው ቅርንጫፍ የራሱ አይዲ ይኑረው፣ የዕቃውንም አይዲ ለብቻ ይያዝ። ሁለት ቅርንጫፎች በአንድ አይዲ ከተጠሩ አንዱን ስትመርጪ ሌላውም ይመረጣል፣ አንዱን ስትሰርዢ ሌላውም ይሄዳል።

2. ማውሱ ዕቃ አይሸከምም። ቤት ሲሸጥ ቤቱ ከቦታው አይነሳም፣ የሚዛወረው መዝገብ ላይ ያለው ስም ነው፤ ይህም እንደዚያው ነው። ሙቭ ሲሆን ብዙ ሰው የሚጽፈው ቀኙ ዛፍ በድሮፕ ጊዜ እንዲጨምር፣ ግራው በድራግኤንድ ጊዜ እንዲሰርዝ አድርጎ ነው። ድሮፕ ይቀድማል፣ ድራግኤንድ ይከተላል፤ ከሁለቱ ጥያቄ አንዱን ሰርቨሩ እምቢ ካለ ዕቃው ወይ ሁለት ቦታ ይገኛል ወይ የትም አይገኝም። ስለዚህ ሁለቱም ዛፎች ከአንድ ዳታ ይነበቡ። ወደ ሰርቨሩም አንድ ትእዛዝ ብቻ ይሂድ፦ ይህ ቅርንጫፍ፣ ወደዚህ ወላጅ፣ በዚህ ተራ። ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸም፣ ወይ ጨርሶ ይቅር። ተጠቃሚው «መልስልኝ» ሲል የምትልኪውም ያንኑ ትእዛዝ ገልብጠሽ ነው።

ድራግኤንድን ለጽዳት ብቻ ተጠቀሚበት። የተያዘው መስመር በመሀል ከገጹ ከተወገደ ድራግኤንድ ላይመጣ ይችላል፤ ረጅም ዛፍ ሲሸበለል ከዓይን የራቀውን መስመር የሚያነሳ ላይብረሪ ካለሽ ይህ መድረሱ አይቀርም።

3. የብራውዘሩን አመል እወቂ። የብራውዘሩ ድራግ ኤንድ ድሮፕ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ነው፤ ኤችቲኤምኤል5 ከነአመሉ ወረሰው። በድራግኦቨር ላይ ፕሪቬንትዲፎልትን ካልጠራሽ ድሮፕ አይመጣም። ይህን ሁሉም አንድ ቀን ይማረዋል። የሚያስቸግረው ሌላው ነው፦ ዕቃው እስኪጣል ድረስ የያዘውን ዳታ ማንበብ አይፈቀድልሽም፤ የምታዪው የዓይነቱን ስም ብቻ ነው። ለደኅንነት ሲባል ነው፤ ሰው ፋይል እየጎተተ ሲያልፍ ገጽሽ ይዘቱን እንዳይሰልል። ቀኙ ዛፍ ግን «ልቀበለው ወይስ አልቀበለው» የሚለውን መወሰን ያለበት ከመጣሉ በፊት ነው። ሁለቱ ዛፎች በአንድ ገጽ ካሉ፣ አሁን የተያዘውን ሁለቱም በሚያዩት ቦታ ጻፊው። በተለያየ መስኮት ከሆኑ መለያውን የዓይነቱ ስም ላይ አድርጊው፤ በትንንሽ ፊደል ይሁን፣ ብራውዘሩ ትልልቁን ወደ ትንንሽ ይለውጠዋልና።

4. ላይብረሪ ስትመርጪ ሁለቱ ዛፎች የሚተዋወቁበትን ቦታ አስቀድመሽ ፈልጊ። በኤክስት ጄኤስ ሁለቱም ዛፎች አንድ ዓይነት ዲዲግሩፕ ሊኖራቸው ይገባል። በሪአክት ዲኤንዲ አንዱ ፕሮቫይደር ከሁለቱም በላይ ይቀመጣል፤ ለየዛፉ ለየብቻ ካደረግሽ ሁለት የኤችቲኤምኤል5 ባክኤንድ ባንድ ጊዜ አይቻልም ብሎ ይቆማል።

5. ፎልደር በራሱ ልጅ ሥር አይገባም። ሁለቱ ዛፎች አንድ ዓይነት ፎልደሮች ካሳዩ ተጠቃሚው ሳያውቅ ይሞክረዋል። ከመጣያው ተነስተሽ ወደ ሥሩ ውጪ፤ የተያዘውን መንገድ ላይ ካገኘሽው አትቀበዪ። ይህን ፍተሻ ሰርቨሩም ይድገመው፤ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ አንዱን በሌላው ውስጥ ሊጥሉ ይችላሉና።

6. እያንዳንዱ መስመር ሦስት መጣያ አለው፦ ከላይ፣ ከውስጥ፣ ከታች። የትኛው እንደሆነ በግልጽ አሳዪ። የተዘጋ ፎልደር ላይ ሰው ጥቂት ከቆየ ይከፈትለት፤ አፕል ይህን እ.ኤ.አ. በ1997 በማክ ኦኤስ 8 አድርጎታል። ወደ ጠርዝ ሲጠጋም ዛፉ ይሸብለል።

7. ሥራሽን ግን ከመጎተቱ አትጀምሪ። በየመስመሩ «ወደ… አዛውር» የሚል ቁልፍ አድርጊና በተራ ቁጥር 2 ያልኩሽን ትእዛዝ ይጥራ፤ መጎተቱ በኋላ ሲመጣ ያንኑ ይጠራል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው፣ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ በቁልፉ ይገለገላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 በቁጥር 2.5.7 የሚለውም ይህንኑ ነው፦ በመጎተት የሚሠራ ነገር ሳይጎተትም መሠራት አለበት። አለቃሽ መጎተቱን አስቀድሜ ልይ ካለ ቁልፉን አሳዪውና «መጎተቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል» በይው።