ሽንኩርት በጓሮዎ፦ ከአንድ ራስ ብዙ ራስ

በካኩማ ሙቀትና የውኃ እጥረት ሽንኩርት ማብቀል ይቻላል? አዎ፣ ይቻላል። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች መደብ ወይም አፈር የተሞላ ባዶ ጆንያ ይበቃል።

ለምን ሽንኩርት?

በራሽን የሚታደለው በአብዛኛው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰብ የወጥ ሽንኩርት ለመግዛት ከራሽኑ ይሸጣል። የተሸጠው እህል ግን ከልጆች አፍ የተቀነሰ ነው። በተጨማሪም የሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኤ እና ሲ አለው። በራሱ ውስጥ ቫይታሚን ኤ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቅጠሉን አይጣሉት።

ምን ይተከላል?

የሐበሻ ሽንኩርት ካገኙ እርሱን ይምረጡ። አንዱ ራስ ተከፋፍሎ ብዙ ራስ ይሆናል። ካላገኙ ያቆጠቆጠ ቀይ ሽንኩርት ይትከሉ፤ ጥሩ ቅጠል ይሰጣል። ትልልቅ ራስ ከፈለጉ ግን ዘር ያፍሉ፤ ችግኙን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ያዛውሩ።

አተካከል

1. መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርገው ይቆፍሩ። ዝቅ ያለ መደብ ውኃ ይይዛል።
2. በደንብ የበሰበሰ የፍየል ፍግ ከአፈሩ ጋር ይቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ በሽታ ስለሚያመጣ አይጠቀሙ።
3. ራሱን ሥሩ ወደ ታች፣ ጫፉ ከአፈሩ ጋር እኩል ሆኖ ይትከሉ። በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር፣ በረድፎች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ይተው።
4. አፈሩን በደረቅ ሣር ይሸፍኑ።

ውኃ

የመጠጥ ውኃ ይቅደም። ለሽንኩርቱ ሳሙና ያልበዛበት የእቃ እጣቢ ይበቃዋል። ጠዋት ወይም ማታ ከሥሩ ያፍስሱ፤ ቅጠሉን አይንካ። የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበትን ውኃ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ቅጠሉን ከመብላትዎ በፊት በንጹሕ ውኃ ይጠቡ፤ ለሕፃናት አብስለው ይስጡ።

እንክብካቤ

የሽንኩርት ሥር ጥልቀት ስለሌለው አረሙን በእጅ ይንቀሉ። ቅጠሉ ላይ ብር የመሰለ ነጭ መስመር ካዩ በቅጠሎቹ መጋጠሚያ የተደበቁ ጥቃቅን ተባዮች አሉ፤ በንጹሕ ውኃ አጥበው ያስወግዱ። ምንነቱ ያልታወቀ መድኃኒት አይርጩ።

አሰባሰብ

ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ሁለት የውጭ ቅጠል ብቻ ይቁረጡ። ሁሉንም ከቆረጡ ራሱ አያድግም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠል ሲወድቅ ውኃ ማጠጣት ያቁሙ፣ ይንቀሉ፣ በጥላ ሥር ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያድርቁ። ከሐበሻ ሽንኩርቱ ጠንካራና ጤነኛ የሆኑትን ለዘር ያስቀምጡ። ሁሉንም የበላ ቤት በሚቀጥለው ጊዜ ዘር ይገዛል።

ለበጎ ፈቃደኞች

በቤት ለቤት ጉብኝታችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ተወያዩባቸው፦
• በዚህ ቤት የእጣቢ ውኃ የት ይፈስሳል?
• ከራሽኑ ምን ያህሉ ለሽንኩርት መግዣ ይሸጣል?
• ዘር ለጎረቤት ማካፈል የሚችል ማን ነው?