የአትክልት ሥራ ዋጋ እንዴት ይወጣል?

እህል በቁና ይሰፈራል። ቅቤ በሚዛን ይመዘናል። አቡጀዲ በክንድ ይለካል። ጉልበትና ሙያስ በምን ይለካል? በዚህ ትምህርት የምንማረው በሰው ግቢ አትክልት ለመንከባከብ ስንዋዋል ዋጋውን እንዴት እንደምናወጣ ነው።

ከመካከላችን መሬት ያጠረው ወይም እርሻው ያረፈለት ወደ ከተማ ሄዶ በአትክልተኝነት ይሠራል። ሥራው አዲስ አይሆንብንም። ማረም፣ መኮትኮት፣ ችግኝ መትከል ከልጅነታችን የለመድነው ነው። የሚያስቸግረው ዋጋው ነው። ባለቤቱ «ግቢውን በወር ስንት ትይዝልኛለህ?» ሲል ብዙ ሰው ቸኩሎ አንድ ቁጥር ይጠራል። በመጀመሪያው ወር ሥራው ሣር ማጨድ ነው። በሁለተኛው ወር የጥድ አጥር መከርከም ይመጣል። በሦስተኛው ጉድጓድ መቆፈርና ፍግ መሸከም ይጨመራል። ብሩ ግን ያው ነው። ታዲያ መጨረሻው ጠብ ነው። ባለቤቱ «ሰነፈ» ይላል፤ ሠራተኛው «ተበደልኩ» ይላል። ሁለቱም የሚጣሉት አስቀድመው ባልተነጋገሩበት ነገር ነው።

ይህ እንዳይሆን የሚከተሉትን አምስት ነገሮች እንወቅ።

1ኛ. ግቢውን ሳናይ ዋጋ አንጥራ

ዋጋ ስንጠየቅ «እትዬ፣ መጀመሪያ ግቢውን ዞሬ ልየው» እንበል። ይህን ማለት ነውር የለውም። ስንዞር ሣሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ የጥዱ አጥር ስንት ሜትር እንደሚረዝም፣ ዛፉና አበባው ስንት እንደሆነ፣ ውሃው በጎማ ይሁን በባልዲ እንይ። ያየነውን በወረቀት እንጻፍ። ከዚያ ሥራውን በሦስት እንክፈለው፦ የዘወትር ሥራ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ ሥራ፣ የዕቃ ወጪ። ሦስቱን በአንድ ዋጋ መደባለቅ ጤፍና ባቄላ በአንድ ጆንያ እንደ መሸጥ ነው።

2ኛ. የአንድ ቀን ዋጋችንን እንወቅ

በአካባቢው የቀን ሠራተኛ 400 ብር ያገኛል እንበል። አትክልተኛው ግን ሌላም ወጪ አለበት። ለመጓጓዣ በቀን 40 ብር ያወጣል። መቀሱና ማጭዱ ያልቃሉ፤ ሞረድ ይፈልጋሉ፤ ለዚህ 30 ብር። ሥራ የሚጠፋበትና የሚታመምበት ቀንም አለ፤ ለዚህም 30 ብር። ሲደመር 500 ብር ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ናቸው። እያንዳንዳችን የየአካባቢያችንን ዋጋ እየተካን እንደምር።

3ኛ. የዘወትር ሥራን በዓመት እናስላ

የአትክልት ሥራ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። በክረምት ሣሩ ይፈላል፣ አረሙ ይበረታል። በበጋ ደግሞ ሣሩ ይቀዘቅዛል፤ ማጠጣት ግን ይመጣል።

አንድ ግቢ እንውሰድ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት 4 ወራት በወር 8 ቀን ይሠራል። 4 ሲባዛ በ8፣ 32 ቀን ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት 8 ወራት በሳምንት ሁለት ጠዋት ይጠጣል። ሁለት ጠዋት አንድ ቀን ብለን ብንቆጥር በወር 4 ቀን ነው። ለኩትኳቶ 1 ቀን ስንጨምር 5 ይሆናል። 8 ሲባዛ በ5፣ 40 ቀን ነው። በጠቅላላው 72 ቀን ማለት ነው። የጳጉሜን ቀናት ከነሐሴ ጋር ተቆጥረዋል።

72 ለ12 ሲካፈል 6 ቀን ይደርሳል። 6 ሲባዛ በ500፣ 3,000 ብር ነው። ስለዚህ የወር ዋጋው ክረምት ከበጋ 3,000 ብር ይሆናል። ባለቤቱ ወጪውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ሠራተኛውም በበጋ ገቢው አይጎድልበትም።

እዚህ ላይ ግን ልብ እንበል። ሰኔ 1 ቀን የጀመረ ሠራተኛ መስከረም ሲያልቅ ቢሰናበት ምን ይሆናል? የሠራው 32 ቀን ነው። የተከፈለው ግን የ24 ቀን ነው። የ8 ቀን ድካሙ፣ ማለትም 4,000 ብር፣ ቀረበት። በአንጻሩ ጥቅምት ጀምሮ ግንቦት መጨረሻ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሠራተኛ 40 ቀን ሠርቶ የ48 ቀን ወስዷል። ተጎጂው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ስንዋዋል «ሥራው ከዓመቱ በፊት ቢቋረጥ ሒሳቡ በተሠራው ቀን ይታሰባል» የሚል ቃል ይግባበት። ይህ ቃል ሁለቱንም ይጠብቃል።

4ኛ. አልፎ አልፎ የሚመጣ ሥራ በቁርጥ ይሁን

አጥር መከርከም፣ አዲስ መደብ መቆፈር፣ ዛፍ መቁረጥ በወሩ ዋጋ ውስጥ አይገቡም። ዋጋቸው በሜትር ወይም በቁጥር ይነገር። በቀን 25 ሜትር የጥድ አጥር የምንከረክም ከሆነ፣ 500 ለ25 ሲካፈል በሜትር 20 ብር ይመጣል። ጥዱ ከቁመታችን በላይ ከሆነ ወይም በሁለት ወገን የሚከረከም ከሆነ ቀኑ ይበዛል፤ ዋጋውም ይጨምራል። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ማን አውጥቶ እንደሚጥለውም እንነጋገር። እሱም ሥራ ነውና።

5ኛ. የዕቃ ወጪ የባለቤቱ ነው

ችግኝ፣ ዘር፣ ፍግ፣ ማዳበሪያ በባለቤቱ ገንዘብ ይገዛ። ከተቻለ ገንዘቡን አስቀድመን እንቀበል። ደረሰኝ ካለ እናምጣ፤ ከሌለ ቀኑንና ዋጋውን በደብተር እንጻፍ። መልሱን ሳንቲም ሳናጎድል እንመልስ። ታማኝነት ነገም ያሠራል።

በመጨረሻ ስምምነቱን እንጻፈው። ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢል ይበቃል፦

«የዘወትር ሥራ፦ ሣር ማጨድ፣ ማረም፣ መኮትኮት፣ ማጠጣት። በወር 3,000 ብር፤ ወር በገባ በ30ኛው ቀን ይከፈላል። አጥር መከርከም በሜትር 20 ብር። ሌላ ሥራ ሲመጣ ዋጋው ሳይጀመር ይነገራል። ዕቃ የባለቤቱ ነው። ሥራው ከዓመቱ በፊት ቢቋረጥ ሒሳቡ በተሠራው ቀን ይታሰባል።»

ከሥሩ ቀን ይጻፍበት፤ ሁለቱ ወገኖች ይፈርሙበት፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። አንዱ ቅጂ እኛ ዘንድ ይቀመጥ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የጸና መሆኑን ይደነግጋል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም? ደብተርና እርሳስ ለአትክልተኛ እንደ ማጭዱ ናቸው። የሠራበትን ቀን የሚጽፍ ሰው ድካሙ አይጠፋበትም።

ጥያቄዎች

1. ሥራውን በስንት እንከፍለዋለን? እነማን ናቸው?
2. በሜትር 20 ብር ቢታሰብ፣ 75 ሜትር የጥድ አጥር መከርከም ስንት ብር ያወጣል?
3. ከላይ ባየነው ግቢ ሰኔ 1 ቀን ሥራ የጀመረ ሰው ሐምሌ 30 ቀን ቢሰናበት፣ የስንት ቀን ዋጋ ይቀረዋል? በብር ስንት ነው?
4. በአካባቢያችሁ የቀን ሥራ ዋጋ ስንት ነው? የእናንተን የአንድ ቀን ዋጋ በደብተራችሁ አስሉ።